ያልዞረ አላሸነፈም

«ቀንሺ» አለ ወንድሟ በሬዲዮ።

ጥይት ጥርሷን ነከሰች። ውድድሩ ከተጀመረ ላቧ እንኳ በወጉ አልወጣም፤ እሱ ግን ይህችኑ ቃል እያመላለሰ ጆሮዋን ሊበሳው ነው። ቀንሺ። እግርሽን አንሺ። ማርሹን ቶሎ ቀይሪ። ውድድር ላይ ናት ወይስ እንቁላል ጭና ገበያ እየወረደች?

«ሰምተሽኛል?»

«ሰምቼሃለሁ! ደንቆሮ አደረግኸኝ እንዴ?»

«እሺ። እንግዲያው ቀንሺ።»

ቀነሰች። ምን ታድርግ? እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሣ ሞተሩ እንዳኮረፈ ሰው ድምፁን ዋጠ። ከኋላዋ የነበረ ቢጫ መኪና በግራዋ በኩል ሽው ብሎ አለፋት። ከተመልካቾች መቀመጫ የተነሣውን ፉጨት ሄልሜት አጥልቃም ቢሆን የሰማችው መሰላት። ደሟ ፈላ።

በውድድሩ ሠፈር ወንድሟን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ፍሬን ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አባታቸው ነው። ልጆች ሳሉ ከቤታቸው በታች አንድ ረጅም ቁልቁለት ነበር። ልጁ ብስክሌቱን ይዞ እዚያ ሲደርስ ይወርድና በእጁ እየገፋ ይሄዳል። አባትየው ይህን ባየ ቀን ከት ብሎ ሳቀና «ይኼስ ልጅ ሳይሆን ፍሬን ነው!» አለ፤ በዚያው ቀረ። እሷ ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት ሁለት እጇን ለቃ ወርዳ የፊት ጥርሷን አራግፋ መጣች። አባቷ ደሟን እንኳ ሳይጠርግ ትከሻው ላይ አወጣትና «ጥይት! ጥይት!» እያለ ሠፈሩን ይዟት ዞረ። አንዱን ልጁን ፍሬን፣ ሌላዋን ጥይት ብሎ የሚያሳድግ አባት ምን ዓይነት ቤት እንደሚያቆም አስቡት እንግዲህ።

አባትየው ራሱ ሻምፒዮን ነው የሚባለው። በዘመኑ ሻምፒዮን ነበር፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። የነዳጅ ነገር ግን አንድም ቀን አሳስቦት አያውቅም። ሲያልቅበት ጋራዥ ገብቶ ያስሞላል፣ ወጥቶ እንደገና እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ በቃ። ባሸነፈ ቁጥር ደግሞ መኪናውን ሳያቆም መላውን መንገድ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ ለሕዝቡ እያውለበለበ። «ያልዞረ አላሸነፈም» ይላል። «ዋንጫው ብረት ነው፤ ድሉ ዙሩ ነው።» በዚያ ቤት ይህ አባባል አይጠየቅም ነበር። ልጆቹ ፊደል ሳይለዩ ነው የሰሙት።

ዘንድሮ ታዲያ የውድድሩ ማኅበር አዲስ ሕግ አወጣ። ለሁሉም መኪና እኩል ነዳጅ ተለክቶ ይሰጠዋል፣ ታንኩ ይታተማል፣ ከዚያ በኋላ ጠብታ አይጨመርም። በዚያ ላይ መኪናው ሲጨርስ ታንኩ ውስጥ አንድ ሊትር ማስቀረት አለበት፤ ተቆጣጣሪዎቹ ያንን ቀድተው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ይመረምሩታል። አንድ ሊትር ያላስቀረ፣ አንደኛም ይውጣ መጨረሻ፣ ውጤቱ ይሰረዛል። ሾፌሩ እየተነገረው፣ እያወቀ ከጨረሰው ደግሞ የመወዳደሪያ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ካልተነገረው ጥፋቱ በሬዲዮ የሚመራው ሰው ነው፤ የሚታገደውም እሱ ነው።

«ይኼ ውድድር ነው ወይስ የቁጠባ ማኅበር?» አለ ሻምፒዮን ሕጉ የተነበበ ዕለት። «ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው ነዳጅ ሲቆጠብ ለማየት ነው?»

ፍሬን ግን ዓይኑ በራ። ዕድሜ ልኩን ሲሰደብበት የኖረው ጠባይ ድንገት ሙያ ሆነለት። መንገዱን በእግሩ እየዞረ የት ላይ እግር መነሣት እንዳለበት፣ የት ላይ መኪናው በራሱ ግፊት እንደሚንከባለል አጠና። እህቱን ጫማዋን አስወልቆ በካልሲ አስነዳት፤ የእግሯ ጣቶች መስጫውን እንዲያዳምጡ ነው አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። ሻምፒዮን ከወዲያ ሆኖ «ሄዶ ሄዶስ የት ደረሰ? እንቁላል ውድድር ሲያሸንፍ ያየ አለ?» ይላል። ጥይት መሃላቸው ሆና ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም። አባቷ ሲናገር ልቧ ይሞቃል፤ ወንድሟ ሲናገር ትናደዳለች። ትክክል የሚናገረው ወንድሟ መሆኑ ደግሞ ይብስ ያንገበግባታል።

የዛሬው ውድድር እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ጠዋት የትልቁ ቡድን አለቃ ጋራዣቸው ድረስ መጥታለች። ነገር የማታበዛ ሴት ናት። በተከፈተው ሞተር ላይ ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ ቀና ብላ ለጥይት፣ «የሚቀጥለው ውድድር ላይ ሾፌር ያስፈልገኛል» አለቻት። «መስጫውን መጫንማ ሁሉም ይጫናል። እኔ የምፈልገው በዚህ ሕግ ማሸነፍ የሚችል ነው። ዛሬ ካሸነፍሽ መኪናዬ ያንቺ ነው።»

ጥይት ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ከአሥራዎቹ ዕድሜዋ ጀምሮ ይህን ጥሪ ስትጠብቅ ኖራ፣ እሷ የቀደመቻቸው ወንዶች እየተጠሩ ሲሄዱ በር ላይ ቆማ ሸኝታለች። ዛሬ ካለፋት እንደማይመለስ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልጋትም።

አለቃዋ ስትወጣ ሦስቱ ተያዩ። ፍሬን አንድ ነገር ብቻ አስማላት። «መስመሩን ካለፍሽ በኋላ የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ሣሩ ላይ ትወጫለሽ፣ ሞተር ታጠፊያለሽ። ዙር የለም። አንድ ሊትሯ እዚያ ነው የምትተርፈው።» ማለች። አባታቸውም ማለ፤ የሱ ደግሞ ሌላ ነው። በሬዲዮ የሚመሩት ሰዎች በሚቀመጡበት የመንገድ ዳር ግንብ ላይ ወንድሟ አጠገብ ይቀመጥ፣ ማዳመጫ ያድርግ፣ ማዳመጫው ላይ ያለውን የመናገሪያ ቁልፍ ግን እንዳይነካ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ» አለ። ሻምፒዮን ቃል መግባት አይቸግረውም። የሚቸግረው መጠበቁ ነው።

እንግዲህ አሁን የውድድሩ አጋማሽ ላይ ደርሰዋል። ጥይት ስድስተኛ ናት፤ ከፊቷ ያለው ሰማያዊ መኪና ኋላ ተለጥፋ፣ ንፋሱን እሱ እየሰበረላት፣ እግሯን እያነሣች እየጣለች ትሄዳለች። ከሁሉም ፊት ቀዩ መኪና አለ። ነጂው ጉረኛ የሚባል፣ ስሙንም የሚወደው ልጅ ነው። እሱ አይቆጥብም። ሲያልፍ ሕዝቡ ይነሣለታል፤ እሷ ስታልፍ ሕዝቡ ውሃ ይጠጣል።

«ቀንሺ። እዚህ ጋ ቀደም ብለሽ።»

«ቀንሺ ቀንሺ! ወርጄ ልግፋው?»

«ጥይት፣ እቅዱን ታውቂዋለሽ።»

«እቅድህን ይዘህ ገደል ግባ!»

ሲሰደብ ዝም ይላል፤ ይህም አንዱ የሚያናድዳት ነገሩ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

የተመልካቾቹ መቀመጫ ፊት ስትደርስ አንዱ ሰውየ ትልቅ ካርቶን ላይ «ቀብር ነው እንዴ?» ብሎ ጽፎ ዘርግቷል። አነበበችው። በዚያው ቅጽበት በጆሮዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ወፍራም፣ ትንፋሽ የበዛበት።

«ጥይት! ምን እየሠራሽ ነው? ቀዩ እኮ አመለጠሽ!»

«አባዬ፣ ቁልፉን ልቀቅ» አለ የወንድሟ ድምፅ።

«ሴትዮዋ እያየች ነው! በዚህ አነዳድ ጋሪም አትሰጥሽም! ተጫኚው!»

«አባዬ፣ ምለሃል!»

«አንተ ዝም በል! ልጅቷን በቁሟ ገደልካት!»

ሁለቱ ግንብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በእሷ ጆሮ ውስጥ ይጣላሉ፤ እሷ ደግሞ ኩርባ ላይ ናት። መኪናዋ ዳር ዳሩን ሄዶ አቧራ አነሣ። በጭንቅ መለሰችው።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» ጮኸች። «ወይ ልትገድሉኝ ነው ወይ ልነዳ ነው፣ አንዱን ምረጡ!»

ዝም አሉ። ጥይት እየተናደደች፣ እየተቃጠለች፣ ወንድሟን በሆዷ እየረገመች፣ እግሯን ግን ልክ እሱ ባላት ቦታ ታነሣ ነበር። እጅና እግር አንዳንዴ ከአፍ ይልቅ አስተዋይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያ ባለ ካርቶን ሰውየ እስከ ዛሬ ሳያወራ አይቀርም። ጥቂት ዙር ሲቀር ቀድሟት የነበረው ቢጫ መኪና ቀጥታው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። ዳር ይዞ ሲቆም ጥይት አለፈችው። ቀጥሎ ሰማያዊው። ቀጥሎ ሁለት መኪኖች አንድ ኩርባ ላይ ተከታትለው፣ አንዱ ለሌላው እንዳዘነለት ሆነው ቆሙ። ነዳጃቸውን ገና ያልጨረሱትም ፈርተው እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመሩ። ማን ምን እንደቀረው የሚያውቅ የለም። በየግንቡ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሬዲዮ ላይ ይጮኻሉ፣ አንዱ ሂድ ሲል ሌላው ቁም ይላል። ይህ ሕግ ውድድሩን ገደለው እያለ ሲያዛጋ የዋለው ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ውሃ የሚጠጣ ጠፋ።

«ስንተኛ ነኝ?» አለች ጥይት።

«ሁለተኛ። ፊትሽ ቀዩ ብቻ ነው።»

ጉረኛው ከሩቅ ታያት። መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ በታንኩ ጥግ የቀረችውን ጠብታ ለማራገፍ ነው። ያሳዝን ነበር፣ ሌላ ቀን ቢሆን።

«ጥይት፣ ስሚኝ» አለ ፍሬን። ድምፁ ተለወጠ። «እሱ ጨርሷል። አንቺ ጋ ግን አለ። ዛሬ ሙሉ የሰደብሽኝ ሁሉ እሱ ነው፣ ታንክሽ ውስጥ ያለው። አሁን ተጫኚው።»

«ምን አልክ?»

«ተጫኚው አልኩሽ! እስከ ወለሉ!»

በሕይወቷ ወንድሟ ይህን ቃል ሲያወጣ ሰምታ አታውቅም። እግሯን ጣለችው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ጀርባዋ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ንዴቷ የት እንደሄደ አታውቅም። ቀዩ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ከመጨረሻው ኩርባ ሲወጡ ጉረኛው መንገዱን ሊዘጋባት ወደ ውስጥ ተጠጋ። እሷ በውጪ በኩል ሄደች። እኩል ሆኑ። በመስኮቱ በኩል አየችው፤ አፉ ተከፍቶ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ነዳጅ ማሳያው ያያል። ባለ ጥቁርና ነጩ ባንዲራ ሲውለበለብ አንድ መኪና ያህል ቀድማው ነበር።

«አንደኛ!» ፍሬን አለቀሰ መሰለኝ፤ ቢያንስ ድምፁ ተሰብሯል። «አንደኛ ነሽ የኔ እህት! አሁን እንደተባባልነው። ኩርባው ጋ ሣሩ ላይ ውጪ፣ ሞተር አጥፊ። ከአንድ ሊትሯ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው።»

«እሺ ፍሬንዬ» አለች፤ እየሳቀች ነበር። እግሯን አነሣች። ሣሩ ታያት።

«ልጄ!»

አባቷ ነው። እያለቀሰ ነው። ሻምፒዮን ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም፤ የገዛ እናቷ ስትቀበር እንኳ ዓይኑን ያሻሸው ፀሐይ መታኝ ብሎ ነው።

«ልጄ! የኔ ልጅ! ሻምፒዮን! ዙሪው! ሕዝቡ ቆሞልሻል፣ ዙሪው!»

«አቁሚ ጥይት። አባዬ ቁልፉን…»

«ያልዞረ አላሸነፈም! ዙሪ ልጄ!»

«አቁሚ! ሣሩ ላይ!»

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። አይታዋለች። አቁሚ ያላትንም ሰምታለች፣ ጥርት አድርጋ። ግን ያ ቃል ቀኑን ሙሉ ሲጎትታት የዋለው ቃል ነው፤ ያውም በዚያው ድምፅ። አሸንፋም ቀንሺ? ዋንጫ ይዛም ቁሚ? ሲያፏጭባት የዋለው ሕዝብ እዚያ ቆሞ እያጨበጨበላት እሷ ሣር ላይ ልትተኛ? ድሮ ትከሻው ላይ ያወጣት ሰውዬ ደግሞ በጆሮዋ ውስጥ ያለቅሳል። በቀስታ ብዞር ይበቃል አለች ለራሷ። ሣሩ በቀኟ አለፈ።

እጇን በመስኮት አወጣች። ባለ ካርቶኑ ሰውየ ካርቶኑን ቀዶ ወደ ሰማይ እየበተነ ነበር። «ተጫኚው፣ ድምፁን ይስሙት!» አለ አባቷ፤ አንድ ጊዜ ተጫነችው፤ ሕዝቡ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ተጫነችው። ዙሩ ሊያልቅ የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ከጋራዡ ራቅ ብሎ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ።

ተቆጣጣሪዎቹ እዚያው ድረስ መጡ። ቱቦ ከትተው ቀዱ። የያዙት ጠርሙስ ውስጥ የወረደው አንድ ብርጭቆ አይሞላም። አንደኛው ሰው ጠርሙሱን ለፀሐይ ከፍ አድርጎ አየውና ከደነው።

ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ የሚወስደው ኮሪደር ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያና የቆዩ የውድድር ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከፎቶዎቹ አንዱ አባቷ ነው፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ። ሻምፒዮን ፎቶውን አላየውም። ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋት።

«አሸናፊነቱስ ውሃ በላው፤ ሴትዮዋ ግን አልሄደችም» አለ በሹክሹክታ። «መንዳትሽን አይታለች። ፈቃድሽ ካልታገደ አሁንም ትወስድሻለች። ስለዚህ ስሚኝ፣ አልተነገረኝም በያቸው።»

«ምን?»

«አልነገረኝም በይ። እዚህ ሬዲዮ የሚቀዳ የለም፤ ያላቸው ያንቺና የሱ ቃል ነው። የሱ ፈቃድ ቢታገድ ምን ይጎድልበታል? ግንብ ላይ ተቀምጦ ማውራት አይደል ሥራው? የሚነዳው ያንቺ እግር ነው።»

ፍሬን ከኋላቸው ነበር። አልተደበቀም፣ አባቱም ድምፁን ብዙ ዝቅ አላደረገም። ጥይት ወንድሟን አየችው። ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ የበሩን እጀታ አየ።

ቢሮው ውስጥ ዋናው ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል፤ ጠርሙሱ ፊቱ ላይ ነው። የትልቁ ቡድን አለቃ እጆቿን አጣምራ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

ተቆጣጣሪው ወደ ፍሬን ዞረ። «መስመሩን ካለፈች በኋላ እንድታቆም ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም» አለ ፍሬን። «ረስቼው ነው።»

ረሳሁ! ይህ ሰው፣ የእያንዳንዱን ኩርባ ጠጠር የሚያውቅ፣ የሰው ልደት ረስቶ የማያውቅ ሰው፣ ረሳሁ አለ። ሻምፒዮን በረጅሙ ተነፈሰ፤ እጁን የልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ያ እጅ እዚያ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጥይት በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ልጁን ሲሸጠው ነው ያቀፈው።

ያኔ ነው ንዴቱ የመጣባት። ቀኑን ሙሉ የተናደደችው ለካ ልምምድ ነበር። በአባቷ ተናደደች፤ ሁለት ልጆቹን በአንድ ቁልቁለት መዝኖ አንዱን ለዘላለም ወርውሮታልና። በወንድሟ ተናደደች፤ ማንም ሳይለምነው ራሱን መሬት አንጥፎ እለፉብኝ ይላልና። ከሁሉም በላይ በራሷ ተናደደች። ሣሩን እያየች ነው ያለፈችው።

«ውሸቱን ነው» አለች።

«ጥይት» አለ አባቷ።

«ውሸቱን ነው! ነግሮኛል። ጠዋት ነግሮኛል፣ አስምሎኛል፣ መስመሩን ሳልፍም አቁሚ ብሎኛል፤ ደጋግሞ ነው ያለኝ። ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ከሰማሽ ለምን ዞርሽ?»

«አባቴ ዙሪ አለኝ።» ከዚያ አፏ ውስጥ የቀረውን ዋጥ ልታደርገው ፈለገች፤ አልዋጥ አላት። «እኔም መዞር ፈልጌ ነበር። ቀዩ መብራት በርቶ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልረዘመም። ውጤቱ ተሰረዘ። ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ታገደ። ተቆጣጣሪው ሲናገር ዓይኗን ያላነሣችው ከአለቃዋ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እንዳንቺ የሚነዳ ካየሁ ቆይቻለሁ» አለቻት። «ዓመቱንም እጠብቅ ነበር። ግን በአንድ ጆሮዋ ሁለት ሰው የምታስገባ ሾፌር መኪናዬ ላይ አላስቀምጥም።»

ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩን እስኪጨርስ ድረስ ሁሉም አዳመጡ።

ውጪ እንደወጡ ጥይት ወንድሟን ደረቱ ላይ ገፋችው። «ማን ዋሽልኝ አለህ? ንገረኝ፣ ማን ለመነህ?»

«ዕድልሽ ነበር» አለ።

«ዕድሌ ከሆነ እኔ ልናገርበት! አንተም እንደሱ በኔ አፍ ትናገራለህ?»

«እኔ ምን አደረግሁ አሁን?» አለ ሻምፒዮን ከኋላ። «አንድ ብርጭቆ ለማይሞላ ነገር! በኛ ጊዜ…»

ሦስቱም ወደ መጨረሻው ኩርባ ሄዱ፤ መኪናው እዚያ ነው ያለው። መኪና የሚጎትተው ከባድ መኪና በየኩርባው ነዳጅ ጨርሰው የቀሩትን ሲለቅም ወዲያ ማዶ ነበር፤ የተሰረዘ መኪና ደግሞ መጨረሻ ነው የሚነሣው። የቀረው በእጅ መግፋት ነው።

ሻምፒዮን የሾፌሩን በር ከፍቶ ገባ። ማንም ግባ አላለውም፤ እግሩ ነው የወሰደው። ለጉልበቱ እንዳታዝኑለት፤ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ እያለ ጎረምሶችን የሚያስንቅ ሰው ነው። መሪውን ያዘና «ግፉ!» አለ።

ገፉ። ጥይት በቀኝ፣ ፍሬን በግራ። መኪናው መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ቀጥሎ በዝግታ መንከባለል ጀመረ። ፀሐይዋ ከፊታቸው ነበረች፤ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። የወንድሟ ትንፋሽ ብቻ ይሰማታል፣ ያለ ሬዲዮ፣ ከአጠገቧ።

የተመልካቾቹ መቀመጫ ፊት ደረሱ። አብዛኛው ሰው ሄዷል። የቀሩት ጥቂቶች ውጤቱ መሰረዙን አልሰሙም መሰለኝ፤ መኪናውን ሲያዩ ማጨብጨብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ግራ እጁን በመስኮት ሲያወጣ አየችው። የሻምፒዮንን እጅ። ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ቀስ ብለው ለሕዝቡ እየተውለበለቡ።

ጥይት መግፋቷን አቆመች። መኪናው ትንሽ ሄዶ ቆመ።

«ምነው? ግፉ እንጂ!» አለ አባቷ።

ወደ መስኮቱ ሄደች። «አባዬ፣ ውረድ።»

«ምን?»

«ውረድና ግፋ።»

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ደረቀ። ልጁን በሌላኛው መስኮት ፈለገው፣ እንደ ወትሮው እንዲያበርድለት። ፍሬን አንገቱን ደፍቶ እጆቹን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር። ሻምፒዮን በሩን ከፍቶ ወረደ።

«አንተ ግባ» አለችው ወንድሟን። «መሪውን ያዝ።»

ፍሬን ገባ። በዚያ ቤት መኪና በኖረበት ዘመን ሁሉ ያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ጥይት ትከሻዋን ከአባቷ ትከሻ ጎን ብረቱ ላይ አስጠጋችና ገፋች። የሚያጨበጭቡት ሰዎች ግራ ገብቷቸው እጃቸውን አወረዱ። ጋራዡ ገና ሩቅ ነው፤ መንገዱም ከዚህ በኋላ ትንሽ ዳገት አለው። ዳገቱ ሲጀምር የሻምፒዮን ጫማ አስፋልቱ ላይ አንሸራተተው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ።

«ቀንሺ» አለ አባቷ። «ልጄ፣ እባክሽ ትንሽ ቀንሺ።»

ሰምታዋለች፣ ጥርት አድርጋ። አልቀነሰችም።